ሴሜንኮ «ኮብዛር»ን አቃጥላለሁ ማለቱ ልክ ነበር?

በ1914 እ.ኤ.አ. ኪዬቭ ውስጥ ወጣቱ ገጣሚ ሚኻይል ሴሜንኮ ከሠዓሊ ወንድሙ ከቫሲልና ከሠዓሊው ፓቭሎ ኮቭዡን ጋር ክቬሮ-ፉቱሪዝም የሚባል፣ ያለፈውን ትቶ አዲስ ጥበብ የሚፈልግ እንቅስቃሴ ጀመረ። በአንዲት ስስ የግጥም መጽሐፍ መቅድም ላይም «ኮብዛሬን አቃጥላለሁ» ብሎ ጻፈ። «ኮብዛር» የዩክሬን ብሔራዊ ገጣሚ የታራስ ሼቭቼንኮ የግጥም መድበል ነው። ዓመቱ ደግሞ ሼቭቼንኮ የተወለደበት 100ኛ ዓመት! ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል።

ደጋፊ፦ ሴሜንኮ ክብሪት አልጫረም፤ በቃል ነው ያቃጠለው። የተናደደውም በገጣሚው ሳይሆን፣ እጅ ያወዛውን «ኮብዛር» ይዞ «ጥበብ ማለት ይኸው ነው» በሚለው ሰው ነው። አምልኮ ባለበት ጥበብ የለም አለ። ለክቬሮ-ፉቱሪስቶቹ ጥበብ ፍለጋው ራሱ ነው፤ ያለቀለት ነገር አይደለም።

ተቃዋሚ፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ! እዚያው መቅድም ላይ ጊዜ ግዙፉን ድንክ ያደርገዋል፣ የሼቭቼንኮ ቦታ የምሁራን ማኅበር መዛግብት ነው ብሏል። ይሄ ለገጣሚውም አልራራም። ጊዜውንስ አየኸው? ዩክሬንን የሚገዛው የሩሲያ ዛር መንግሥት የመቶኛ ዓመቱን በዓል በአደባባይ እንዳይከበር ከልክሏል። ከ1876 ጀምሮ ለ30 ዓመት ገደማ በዩክሬንኛ ማተም በአዋጅ ታፍኖ ነበር። ገበሬው ቤት ከቅዱሳን ሥዕል ጎን የነበረችው ያቺው መጽሐፍ ናት። ፖሊስ የሚያሳድደውን ገጣሚ አንተም ከኋላ ድንጋይ ትወረውርበታለህ?

ደጋፊ፦ ቋንቋው መታፈኑማ የኔን ሐሳብ ያጠናክራል። ታፍኖ የኖረ ቋንቋ ስለ መንደርና ስለ መቃብር ብቻ እየዘፈነ መቅረት አለበት? ሴሜንኮ ከተማን፣ ካፌን፣ የመንገድ ግርግርን በዩክሬንኛ ገጠመ። ልብ በይ፣ በሩሲያኛ ቢጽፍ ይቀለው ነበር። ኋላም ከ1927 እስከ 1930 ኻርኪቭ ላይ «ኖቫ ጌኔራጺያ» የተባለ መጽሔት መራ። ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች ተከታታይ ጽሑፎቹን ያወጣው እዚያ ነው።

ተቃዋሚ፦ መጽሔቱን አደንቃለሁ፤ ያለ ክርክር። ግን በ1924 የራሱን ግጥሞች ሰብስቦ ሲያሳትም ምን ብሎ ሰየማቸው? «ኮብዛር»! ጣዖቱን አውርዶ ወንበሩ ላይ ራሱ ጉብ አለ።

ደጋፊ፦ ቀልድም አይገባሽም እንዴ? የማይነካ ስም እንደሌለ ማሳየቱ ነው። ደግሞ ብሔራዊ ጥበብ ጊዜው አልፏል ያለው ይኸው ሰው፣ በጥቅምት 1937 ኪዬቭ ውስጥ በሶቪየት መንግሥት በብሔርተኝነት ተከሶ ተረሸነ። ገዳዮቹ እንኳ ከሼቭቼንኮ ወገን ቆጠሩት።

ተቃዋሚ፦ ግፉ ያንገበግባል። ግን መረሸኑ የ1914ቱን ቃል ትክክል አያደርገውም። ግጥሞቹን አምጣ፣ አነባለሁ። መቅድሙን ግን አልቀበልም።