ሲስተም ገባ ወይ?

ጥፋቴ ቤት መቀየሬ ነው። አከራዬ ኪራይ ጨመሩ፤ እኔም ኪሴን ዳበስ አድርጌ ወጣሁ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው በእግር ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ዕቃዬን አንድ አይሱዙ ከነቁም ሳጥኑ ጠዋት ጭኖ ምሳ ሳይደርስ አራገፈው። እኔ ግን በመንግሥት መዝገብ እስከ ዛሬ አልደረስሁም። አሮጌው ወረዳ አልለቀቀኝም፤ አዲሱም አልተቀበለኝም። መሸኛ የምትባል አንዲት ወረቀት አጥቼ መንገድ ላይ ቀርቻለሁ።

መሸኛ ማለት የቀድሞው ወረዳ «ይህ ሰው የእኔ ነበር፤ ከእንግዲህ የእናንተ ነው» ብሎ ለአዲሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ያለ እርሷ አዲስ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ የሌለውን ሰው ደግሞ ባንኩም ውልና ማስረጃውም ቀና ብሎ አያየውም። ስሟ ግን ያምራል። እኛ መሸኘት የምናውቅ ሕዝብ ነን። እንግዳን ከሳሎን እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ ታክሲ እንሸኛለን፤ ጨዋታው ከደራ ተሸኚው ተመልሶ ሸኚውን ይሸኛል። ወረዳውም ይህንኑ ወግ ይዞ መሆን አለበት አራት ወር ሙሉ «ነገ ይምጡ» የሚለኝ። ሊለየኝ አልሆነለትም።

ስለ መንግሥት ሲወራ ሰዉ ቤተ መንግሥቱን፣ ፓርላማውን፣ ሚኒስትሮቹን ያነሣል። እኔ የማውቀው መንግሥት መስኮት ቁጥር 4 ነው። ከላይ የታወጀው ሁሉ ተንከባልሎ ተንከባልሎ የሚያርፈው እዚያች መስኮት ላይ ነው፤ እዚያ ከቆመ ቆመ።

ከመስኮቷ በላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «መሸኛ መስጠት፤ ጊዜ 15 ደቂቃ፤ ጥራት 100 በመቶ።» የትኛው 15 ደቂቃ እንደሆነ አይገልጽም። የቻርተሩ አንድ ጥግ ስለተላጠ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ብቅ ብሏል፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ከሥር መሠረቱ ይለውጣል የተባለለት የቢፒአር ዘመን ቅርስ ነው። ከዚያ ሥራን በውጤት የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ፤ የለውጥ ሠራዊት ዘመተ፤ ሠራተኛው አንድ ለአምስት ተደራጀ፤ ካይዘን የሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴም ከጃፓን ድረስ ባሕር ተሻግሮ መጣልን። ያንን ግድግዳ በጥፍሩ የሚፍቅ የታሪክ ተመራማሪ ቢገኝ የሀገሪቱን የአስተዳደር ታሪክ ጽፎ ይወጣል። እኛም በየዘመኑ ስም ወጥቶልናል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ደጅ ጠኚዎች ነበርን። ከዚያ ባለጉዳይ ሆንን፣ ጓድ ተባልን፣ ተገልጋይ ተባልን፣ ደንበኛ ተባልን፣ በመጨረሻም ነገሥን። ማዕረጋችን እንዲህ ሲያድግ የምንቀመጥበት አግዳሚ ያው ነው፤ አንድ እግሩ በድንጋይ ተደግፏል።

ንጉሥ መባሉ ደግሞ ያሠጋኛል። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ቀበሌ በአዋጅ ቁጥር 47 የተወለደው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ። ንጉሥና ቀበሌ በዚህች ሀገር አንድ ሌሊት እንኳ አብረው አላደሩም። እሳቸውን ቢያንስ በቮልስዋገን ወስደዋቸዋል፤ እኔ የምመለሰው በእግሬ ነው።

በሁለተኛው ወር ላይ የመስኮቷ ልጅ እውነቱን ነገረችኝ። ትሑት ልጅ ናት፤ በእርሷ አልፈርድም።

«ጋሼ፣ ፋይልዎ አልተገኘም።»

«የት ሄደ?»

«ካይዘን ተሠርቶ ነበር።»

ካይዘን አምስት «ማ»ዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ማጣራት፣ ሁለተኛው ማስቀመጥ ነው። ማጣራት ማለት የማያስፈልገውን ለይቶ ማስወገድ ነው። የእኔ ፋይል ላይ የመጀመሪያው «ማ» በሚገባ ተተግብሯል፤ ወደ ሁለተኛው ሳይሻገሩ በጀት ዓመቱ አለቀ። መዝገብ ቤቱን ገብቼ እንዳይ ፈቀደችልኝ። እንደ መስታወት ያበራል። ምንም የለበትም።

«አዲስ ፋይል እንክፈትልዎት፤ ነዋሪ መሆንዎን የሚያሳይ መታወቂያ ያምጡ።»

«መታወቂያዬን መሸኛ ልወስድ ስል ተቀብላችሁኛል እኮ።»

«አዎ፣ ፋይሉ ውስጥ ነው።»

ሁለታችንም ዝም አልን። አንዳንድ ነገር እንዲህ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ጣልቃ መግባት ነውር ይመስለኛል።

መታወቂያ ከሌለ ሦስት ምስክር ይበቃል ተባልሁ። ምስክሮቼ የድሮ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ሰፈሩ የኮሪደር ልማት ደርሶት እነርሱም ተነሥተዋል። ሁለቱን በስልክ አገኘኋቸው። ሁለቱም መሸኛ እየጠበቁ ነው።

መንግሥት መሥራት አይችልም የሚለኝን ሰው ግን አልሰማውም። ከወረዳው በር ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱን ሲያነጥፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ስሄድ ቁፋሮ የነበረው ጠዋት ስመለስ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ዘንባባው ተተክሎ፣ መብራቱ በርቶ ጠበቀኝ። ያንን ሁሉ ያደረገ ክንድ ስንዝር የማታህል ማኅተም ማንሣት እንዴት እንዳቃተው ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ወረፋ ላይ የተዋወቅሁት አንድ ጡረታ የወጣ መምህር «ለእንባ ጠባቂ አቤት በል» ብሎ መከረኝ። በመሥሪያ ቤት የተበደለ ሰው አቤት የሚልበትን የዚህን ተቋም ስም እወደዋለሁ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ሲቋቋም እንዲህ ያለ ስም ያወጣለት ሰው ማመልከቻ ይዞ የተንከራተተ መሆን አለበት። ነገር ግን እኔን ለጊዜው የሚወርደኝ ላብ ነው፤ ላብ ጠባቂ ገና አልተቋቋመም።

ባለፈው ማክሰኞ ሦስቱ ምስክሮች ተሟሉልኝ፤ ሦስተኛው መምህሩ ናቸው፤ አራት ወር አብሮኝ የኖረ ሰው ነዋሪነቴን ካልመሰከረ ማን ይመስክር። መስኮቷ ጋ ስደርስ «ሲስተም የለም» ተባለ። አግዳሚው ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት አሉ፤ እሳቸውም ከሚያዝያ ጀምሮ ይመላለሳሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የሚሉት ሰው ዛሬም አልገባም?»

«አልገባም እማማ።»

«ያመዋል መሰለኝ።»

«ሳያመው አይቀርም።»

«ማንም ደፍሮ አይናገረውም፤ ሁሉም የለም፣ የለም ብቻ ነው የሚለው። ትልቅ ዘመድ ቢኖረው ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኛ ሰፈሩ ቢሮም ሲስተም አልገባም አሉኝ። በስንት ቦታ ነው የሾሙት?»

ላስረዳቸው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ተረድተውታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከመስኮቷ ውስጥ «ሲስተም ገብቷል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አግዳሚው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። መምህሩ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ እኔ ወረቀቶቼን አስተካከልሁ። እማማ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቷ ሳይሆን ወደ በሩ አዞሩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠበቁ። በበሩ የገባው ፔርሙስና ስኒ የያዘ የሻይ ልጅ ነበር። እማማ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፤ ጤናዎ ተመለሰ?»