«ይችማ ድሮም ነበረች»

በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ሕንፃ የሚያስቆፍሩ ባለሀብቶችን ጨዋነት የሚያመሰግን መጥፋቱ ያሳዝናል። ጎረቤት እንዳይጨነቅ ሳይነግሩት ቅዳሜ ማታ እስካቫተር ያስገባሉ። ሰውየው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ባለ 3 ሜትር ጉድጓድ አጥሩ ሥር ይጠብቀዋል። ሳምንቱ ሳይሞላ ግድግዳው ይሰነጠቃል። አቤት ሲል መልሷ ዝግጁ ናት፦ «ጋሼ፣ ይችማ ድሮም ነበረች።»

አገሩ የቅኔ አገር ነውና ሐረጓ ሰምና ወርቅ አላት። ሰሟ የስንጥቁ ዕድሜ፣ ወርቋ «ምን ታመጣለህ»።

ይህችን ጥበብ የሚያበላሹ ነገረኞች ግን አይጠፉም። ቁፋሮ ሳይጀመር ባለሕንፃው፣ ጎረቤቱና አንድ መሐንዲስ ቤቱን ክፍል በክፍል ይዙሩ ይላሉ። መጀመሪያ ግድግዳው በሙሉ፣ ከዚያ ስንጥቁ ማስመሪያ ተደግፎበት ፎቶ ይነሣ። ጫፍና ጫፉ ላይ በእርሳስ ተጭሮ ቀን ይጻፍበት። በስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት አሻግሮ በጄሶ መለጠፍም አለ፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቷ ትሰበራለች። የሚጣበቅ በር፣ ያዘመመ አጥር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሁሉ ይመዝገብና ሦስቱም ይፈርሙ። እንዲህ ያለ ቃለ ጉባዔ ካለ ማን «ድሮም ነበረች» ይላል? ደግነቱ ጎረቤቱም «ነገር ፈላጊ እባላለሁ» ብሎ በይሉኝታ ዝም ይላል።

ዋልካ አፈር ደግሞ ታማኝ ምስክር ነው፤ ለባለሕንፃው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ የግድግዳው ስንጥቅም አብሮት ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስለዚህ መጋቢት ላይ የታየ ስንጥቅ «የበጋ ነው» ቢባል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ፓምፑ ይጨርሰዋል፦ ከጉድጓዱ ውኃ በተመጠጠ ቁጥር የጎረቤት መሬትም ይደርቃል፣ ቤቱም ይሰምጣል።

የመሐንዲሶቹ ሒሳብማ ሥራ የሚያስፈታ ነው። የጎረቤት መሠረት 50 ሳንቲም ወርዶ ጉድጓዱ 3 ሜትር ከወረደ፣ ከጉድጓዱ ግርጌ በ45 ዲግሪ መስመር ሲሳብ በ2 ሜትር ተኩል ውስጥ ያለ መሠረት ሁሉ ያሰጋል። ስለዚህ ከአጥሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ ቆፍሮ፣ ደግፎ፣ ቀጥሎ ያለውን ሜትር ዘልሎ መሄድ ነው። እስካቫተር በሰዓት እየተከፈለው ማን ይዘልላል? ጉድጓዱ ያለ ድጋፍ አፉን ከፍቶ ሐምሌን ይጠብቃል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል። ማስረጃ ግን የከሳሽ ነው፤ ፎቶ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ባለሕንፃው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይሰጣል፣ ስንጥቁ ያለ ፎቶ ያለ ልኬት ይለሰናል። በወሩ እዚያው ላይ ይከፈታል። ባለሕንፃው ተጠርቶ ይመጣል፣ ግድግዳውን ዳሰስ ያደርጋል፣ «ድሮም ነበረች» ይላል፤ አሁንስ እውነቱን ነው።