ከኋላ ኳ የሚለው ነገር

ከመኪናዬ የኋላ ወንበር ጀርባ የሚኖር አንድ ነገር አለ። መንገዱ ቀጥ ያለ እንደሆነ ጨዋ ነው፤ መኖሩም አይታወቅ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ግን ካለበት ተነሥቶ እየተንሸራተተ ወደ ቀኝ ይሄድና ግድግዳው ጋ ሲደርስ «ኳ!» ይላል። ወደ ቀኝ ስዞር ተመልሶ ይመጣል፤ «ኳ!»። አደባባይ ላይ ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። ዙሩን እስክጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ይልና ልክ ከአደባባዩ ስወጣ፣ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው፣ በአንድ ትንፋሽ ተሻግሮ ሌላውን ግድግዳ ይደቃል።

ሰው መኪናዬ ውስጥ ገብቶ ጠባዩ የሚታወቀኝ በሦስተኛው «ኳ» ላይ ነው። ይሉኝታ ያለው እንዳልሰማ ይሆንና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ አየሩ ጠባይ ያወራል። ዐዋቂ ነኝ ባዩ አንገቱን ዘንበል፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ እንደ ሐኪም ካዳመጠ በኋላ «ይህ ከጎማው ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ በዕድሜው ጎማ ሲቀይር ያየው ሰው የለም። ፈሪው የበሩን እጀታ ጨበጥ ያደርጋል። ነገሩን እንደ ጨዋታ የያዘችው ልጄ ብቻ ናት። «አሁን ያለፈው ጀሪካኑ ነው! ጃንጥላው እየተከተለው ነው! ኳሱ ግን ቀድሟቸዋል!» እያለች ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ውድድሩን በቀጥታ ታስተላልፋለች።

እኔ በበኩሌ ችግሩን ለመፍታት ብዙ ጥሬያለሁ። መጀመሪያ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። አትሳቁ፤ የመኪና ሕመም ሁሉ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ይኸው ነው። ለጥቂት ወራት በደንብ ሠርቶልኛል። ችግር የገጠመኝ ዜና በሚነበብበት ሰዓት ነው፤ ዜና አንባቢው ለአፍታ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር ከኋላ «ኳ!» ይመጣል፤ የተነበበውን የሚያጸድቅ ይመስል።

ቀጥሎ ባለቤቴ ሐሳብ አቀረበች። «ቀስ ብለህ ብታዞርስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከሚስት ሲመጣ ባል ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ሒሳብ ሠርቶ ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት ይነሣል። ሠራሁ። መንገዱ የ15 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ነው እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብዞር ዕቃውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ግማሽ ጥቂት ያንሳል፤ 47 በመቶ ገደማ ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ ዕቃ በመኪና ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ግፊት ተቋቁሞ እንዲቆም መጠበቅ ግፍ ነው። ፍጥነቱን ወደ 20 ብቀንሰውስ? 21 በመቶ! ፍጥነቱ በሲሶ ሲቀንስ ግፊቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ምክንያቱም ግፊቱ የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ። እስከ ዛሬ አላሳየኋትም።

ከዚያ መካኒክ ጋ ሄድሁ። ሰውየው አንዴ ነድቶት ሲመለስ ፊቱ ላይ ሐዘን ነበረበት። «የኋላው ሞላ አልቋል» አለኝ። ያለቀ ነገር ይቀየራል፤ ተቀየረ። መኪናውን ስረከብ እውነትም ጸጥ ብሏል። አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞርሁት፤ ሦስተኛ ጊዜም ለደስታዬ ስል ዞርሁት። ወደ ቤት ልሄድ ስል የመካኒኩ ረዳት እየሮጠ መጣ። «ዕቃዎን ረስተዋል!» አለኝ፤ ለሥራ እንዲመቻቸው ያወጡትን የጀርባ ጓዝ በሙሉ በጋሪ እየገፋ። ጫንነው። ከግቢው ስወጣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ «ኳ!» አለ። አዲሱ ሞላ ግን ጥሩ ሞላ ነው፤ ውለታው አይካድም።

ያን ቀን ነው እንግዲህ ከብዙ ጊዜ በኋላ የኋላውን ክዳን ከፍቼ ውስጡን በእርጋታ ያየሁት። ከዐይን የራቀ ከልብ የራቀ ይባል የለ? ሁለት ዓመት የፈለግሁት ጫማ አንዱ እግሩ እዚያ ነበር። ለተቸገረ እሰጣለሁ ብዬ ያወጣሁት ልብስ በከረጢቱ እንዳለ ተቀምጧል፤ ከመቆየቱ የተነሣ እንደገና ዘመናዊ ሊሆን ምንም አልቀረው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጃንጥላ፣ እግሩ የተሰበረ ታጣፊ ወንበር፣ በግማሽ የተሞላ የውኃ ጀሪካን፣ የሞተር ዘይት ዕቃ፣ ኳስ። ለአንድ ወዳጄ ልመልስለት የነበረ መጻሕፍት የሞላበት ካርቶንም አለ። ከወዳጄ ጋር አሁን አንነጋገርም፤ የተኳረፍነው መጽሐፎቼን አልመለስክም ብሎኝ ነው፤ እኔ ደግሞ «መኪናዬ ላይ ናቸው እኮ!» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። እውነቴን ነበር። ያልተገላበጠ ያራል ከተባለ እነዚህ መጻሕፍት ለዘለዓለም ከመቃጠል ድነዋል።

ከሁሉ የከፋው ጀሪካኑ ነው። ሙሉ ጀሪካን አንድ ሐሳብ አለው፤ ባዶውም እንዲሁ። ግማሽ ጀሪካን ግን ሁለት ሐሳብ አለው። ዕቃው ግድግዳ ነክቶ ሲቆም ውስጡ ያለው ውኃ አይቆምም፤ ቀጥሎ ይመጣና በራሱ ተራ ይገፋዋል። እኔ «ኳ» ብቻ የመሰለኝ ነገር ጠጋ ብሎ ለሰማው «ኳ-ቿ» ነው።

ወሬው አጎቴ ጆሮ ደረሰ። አጎቴ በሕይወታቸው ውስጥ «አላውቅም» የሚለውን ቃል የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የሠርግ ስጦታ ማን እንደሰበረ ሲጠየቁ ነው። ክዳኑን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ አዩ። «አንተ ልጅ፣ ይህ የሚንሸራተተው ቀላል ስለሆነ ነው» አሉ። «ከባድ ነገር አይንሸራተትም። ከባድ ነገር አስደግፈው።» ብለው ዝም አላሉም፤ ከአጥሩ ሥር ሁለት እጅ የሚሞላ ድብልብል ድንጋይ ይዘው መጥተው ጀሪካኑ ጎን አስቀመጡልኝ። የአጎት ስጦታ እምቢ አይባልም።

በማግሥቱ «ኳ» ቀረ። በምትኩ «ድው!» መጣ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ለአጎቴ ግን ማን ይንገራቸው? ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ለሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ግኝት እንደሚለው ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት የተነካኩ ነገሮች እንዳይንሸራተቱ የሚይዛቸው ኃይል፣ ከክብደት ጋር እኩል ያድጋል፤ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺም ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ በማስታወሻው ላይ አስፍሮት ነበር። እስከዚህ ድረስ አጎቴ ልክ ናቸው፤ ከባድ ዕቃ ወለሉን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 እንዳለው የሚንቀሳቀስ ነገር የሚገፋው ካላገኘ በያዘው መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ዕቃው በከበደ ቁጥር ደግሞ ከመስመሩ ማስወጣት ይከብዳል። የኋላው ዕቃ ወደ ጎን አልሄደም ማለት ነው። የታጠፈችው መኪናዬ ናት፤ ድንጋዩ ግን ጀምሮት በነበረው መንገድ ጸንቷል። ክብደት በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ስለሚወስድ ከሒሳቡ ጨርሶ ይወጣል። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወለሉ ምን ያህል ይይዛል? ድንጋዩ ደግሞ ድብልብል ስለሆነ መንሸራተት እንኳ አላስፈለገውም።

አንድ ቀን አንድ ድመት ዘላ መንገድ ገባችና ፍሬን ረገጥሁ። ድመቷ ተረፈች። ድንጋዩ የኋላውን ወንበር ጀርባ መታው፤ እኔንም በወንበሩ በኩል ወገቤ ላይ የተሰማኝ መሰለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ከጀርባው ጻፍሁበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ ውስጡ ያለው ያልታሰረ ዕቃ በዚያው 50 ይቀጥላል። ይህ ከአሥር ሜትር ከፍታ ከወደቀ ነገር ፍጥነት ጋር እኩል ነው፤ ከሦስተኛ ፎቅ ያህል። እኔ ፊት ቀበቶዬን አስሬ፣ ልጄን በቀበቶ አስሬ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ ሊወድቅ የተዘጋጀ ድንጋይ ይዤ እዞር ነበር። በአጎት ምርቃት።

ድሮ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዘመን የዕቃ መጫኛ ማለት እውነተኛ ሣጥን ነበር፤ ከመኪናው ጀርባ በጠፍር ይታሰራል። ያላሰረ ሰው ሣጥኑን መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁሉም ያስራል። ኋላ ሣጥኑ የመኪናው አካል ሲሆን ማሰር የቀረ መሰለን። ክዳኑን ዘግተን ጠፍሩን ረሳነው።

ለማንኛውም ማሰር ተማርሁ። መጀመሪያ ከሁለት ጫፉ መንጠቆ ያለው የላስቲክ ገመድ ገዛሁ። የላስቲክ ገመድ ዋና ጠባዩ መለጠጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ለከባድ ዕቃ አይገዛውም፤ ልክ በሚፈለግበት ሰዓት ይለጠጣል። ከመንጠቆው አንዱ አምልጦ ግንባሬን መታኝ። ዐይኔን ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ቀጥዬ ቀጭን መረብ ገዛሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያለው ሰው ግማሽ ጀሪካን አስሮ አያውቅም። መረቡ ለጃንጥላና ለኳስ ሸጋ ነው፤ ጀሪካኑ ግን እንደ ሕፃን አዝሎት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው ጀመር።

በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ከላስቲኩ ያልወጣ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የመኪናው መመሪያ። ዐሥራ ምናምነኛው ገጽ ላይ የዕቃ መጫኛው ሥዕል አለ፤ በአራቱ ማዕዘን አራት የብረት ቀለበቶች ይታያሉ። ሄጄ ምንጣፉን ገለጥ ባደርግ አራቱም እዚያው ናቸው! አንዱን እኔው ራሴ የፕላስቲክ ከረጢት ማንጠልጠያ አድርጌ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ፤ ፋብሪካው ስለ ከረጢት ያሰበልኝ መስሎኝ ነበር።

የቀረው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚነጠፈውን ወንፊት የመሰለ ላስቲክ ቆርጬ ወለሉ ላይ አነጠፍሁ፤ ይህ ብቻውን የጩኸቱን ግማሽ አጠፋው። ጥቃቅኑን ሁሉ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከተትሁና ከሣጥኑ ሥር ቬልክሮ፣ ያን ጫማና ቦርሳ ላይ ቸር እያለ የሚላቀቀውን ተጣባቂ ጨርቅ፣ ለጠፍሁ። ቬልክሮን የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ተንሸራሽሮ ሲመለስ ልብሱና የውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቀውን የእሾህ ፍሬ በአጉሊ መነጽር አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ሻካራው ወገን የመኪናውን ምንጣፍ ሲነካ፣ ሞኝና ቬልክሮ የያዘውን አይለቅም፤ ሣጥኑን ለማንሣት አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ከባድ ከባዱን ዝቅ አድርጌ የኋላውን ወንበር ጀርባ አስደገፍሁት፤ ፍሬን ስረግጥ ተንደርድሮ የሚመጣበት ቦታ እንዳያገኝ። ከዚያ በማይለጠጥ ባለዘለበት ጠፍር ከቀለበቶቹ ጋር ጠፈርሁት። መጻሕፍቱን ለባለቤታቸው ወሰድሁለት። ታረቅን። ወዲያው ሌላ መጽሐፍ አዋሰኝ።

የቀረው ድንጋዩ ነው። ልጥለው አንሥቼ በር ላይ ስደርስ ባለቤቴ «አጎትህ ሲጠይቁህስ?» አለችኝ። ይህ ሒሳብ የማያሻው ጥያቄ ነው። መልሼ አምጥቼ የራሱን ጠፍር ገዛሁለት። አሁን እንደ ማንኛውም የተከበረ መንገደኛ ቀበቶውን አስሮ ይጓዛል።

ባለፈው ሳምንት አጎቴን ጫንሁ። የመጀመሪያውን ኩርባ ዞርን፤ ዝም። አደባባዩን ዞረን ወጣን፤ ዝም። አጎቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ «እስቲ አቁመው» አሉ። ወርደው ክዳኑን አስከፈቱኝ። የተነጠፈውን ላስቲክ አዩት። ሣጥኑን አዩት። መረቡን፣ ጠፍሩን፣ አራቱን ቀለበቶች አንድ በአንድ አዩአቸው፤ እኔም በልቤ ምስጋናውን እንዴት እንደምቀበል እያሰብሁ ነበር። ዐይናቸው በመጨረሻ ጥጉ ላይ ታስሮ የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው መታ መታ አደረጉት።

«አላልኩህም?» አሉ።