ተልባ ቢንጫጫ

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ሳለ ነው ነገሩ የተነሳው። የቤቱ እመቤት ተልባ ለቅመው፣ አምሰው፣ ወቅጠው በየቀኑ የቤተሰቡ ምግብ ላይ ጣል እንደሚያደርጉ አወሩን። የልጆቹ አጥሚት ላይ፣ ሽሮው ሊወጣ ሲል፣ የዳቦው ሊጥ ውስጥ፤ ለሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው።

አንዱ ጎልማሳ ሳቀ። «እትዬ፣ ተልባ እኮ የጾም ነው፤ ያውም ሱፍ ሲጠፋ!» ክርክሩ ይኸው ነው፤ ሌላ አትጠብቁ። ይዝለገለጋል አለ፤ የጨጓራ በሽተኛ ይጠጣው አለ። እሱ ከፋርማሲ የዓሣ ዘይት እንክብል ይውጣል፤ ኦሜጋ 3 ለሚሉት የቅባት ዓይነት። ለምን እንደሚጠቅም ሲጠየቅ «ለልብ… ለጭንቅላትም» ብሎ ስኒውን አነሳ።

እሳቸው እየቀዱ «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሰውየው አልተወም። የተልባው ኦሜጋ ከዓሣው ይለያል፣ ሰውነት ወደዚያኛው የሚለውጠው ጥቂቱን ነው አለ። ይህቺ እንኳ እውነት ናት፤ የእንክብሉ ካርቶን ላይ ያነበባት ይመስለኛል። ግን እሳቸው እንክብሉን ጣል መች አሉት? ተልባ ከመቶ 40 ያህሉ ዘይት ነው፤ 100 ግራሙ ውስጥ ደግሞ ወደ 27 ግራም አሰር፣ ፋይበር የሚሉት፣ አለ። ሆዱ ለሚደርቅበት ልጅ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ውሃ አብሮ እስከጠጣ ድረስ።

«ታዲያ ፍሬውን እንዳለ መብላት ነዋ፣ ምን ያስወቅጣል?» አለ ደግሞ። ሳይደቅ የተዋጠ ተልባ እንደገባ ይወጣል! የተወቀጠው ደግሞ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ሴትየዋ ጥቂት ጥቂት እየወቀጡ ከድነው ፍሪጅ ያኖሩታል። «ባንድ ሙቀጫ አልኩህ እኮ!» አሉት።

ይኸው ሰው ቺያ የሚሉትን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፍሬ እርጎ ላይ ሲነሰንስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሱስ ሲርስ አይዝለገለግም? ዋጋው ስለከበደ ዝልግልጉ ተረሳ እንጂ። አርሲና ጎጃም የሚበቅለው ሲሆን ግን የድሃ ይባላል። ጤፋችንንም ፈረንጅ ግሉተን የለውም ብሎ እስኪያደንቀው ድረስ መች ዞር ብለን አየነው?

ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ይባላል፤ ሙቀጫውስ የት አለ? ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብትወቅጥ የታችኛው ጎረቤት ኮሚቴ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መቼ እንደተፈጨ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ዱቄት በፌስታል እንገዛለን፤ በርበሬውም እንዲያው፣ ሽሮውም እንዲያው። ሙቀጫው ሆቴል በር ላይ አበባ ተተክሎበታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል።