ሞኔን ትታችሁ አልሃልከሬን ንገሩን

ስለ አውስትራሊያዊቷ ሠዓሊ ኤሚሊ ካም ኡንግዋሬ የሚጻፍ ነገር ዞሮ ዞሮ ሞኔ ዘንድ ይደርሳል። አንዱ ሐያሲ የፈረንሳዩን ሠዓሊ የኩሬ አበቦች ያነሣል፤ ሌላው አሜሪካዊውን ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክን ይጠራል። ሁሉም ማመስገናቸው ነው። እኔ ግን ምስጋናው ርስት ነጠቃ ይመስለኛል።

ኤሚሊ በአውስትራሊያ መካከለኛ በረሃ፣ ዩቶፒያ በሚባለው አካባቢ የኖሩ፣ አንማትየሬ ከተባለው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ የወጡ አረጋዊት ነበሩ። የትውልድ አገራቸው፣ ማለትም የወገናቸው ርስት፣ አልሃልከሬ ይባላል። አክሪሊክ ቀለም በሸራ ላይ መቀባት የጀመሩት ወደ 80 ዓመት ሲጠጋቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 እስኪያርፉ ድረስ ሦስት ሺህ ያህል ሥዕል እንደሠሩ ይገመታል። እጃቸውን ያፍታታው ግን የሥዕል ትምህርት ቤት ሳይሆን አውልዬ የተባለው የሴቶች ሥርዓት ነው። ሴቶቹ ደረታቸውንና ትከሻቸውን በቀይ፣ በቢጫና በነጭ አፈር መስመር እየተቀባቡ የአገራቸውን ዜማ ያዜማሉ፣ ይጨፍራሉ። መስመሩም ዜማውም ባለቤት አለው። ከየትኛው አገር እንደተወለደች ሳይታወቅ ማንም ተነሥታ የፈለገችውን አትቀባም።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዩቶፒያ ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ መሬታቸውን በሕግ ሲጠይቁ ሴቶቹ አውልዬን በማስረጃነት አቅርበዋል። በ1997 ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ንጉራራ የተባሉት የበረሃ ሰዎች ሽማግሌዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ስምንት በአሥር ሜትር የሆነ ሸራ ሠርተው፣ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው ሥዕል ላይ ቆመው ለመሬት ይገባኛል ጥያቄያቸው መሰከሩ። መብታቸው የታወቀላቸው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2007 ነው። በየትኛው የፓሪስ ሥዕል ላይ ቆሞ መሬት የጠየቀ ሰው አለ?

«እንዲህ ከሆነ ሴትዮዋን የባህል ጸሐፊ አደረግሃቸው፤ የግል ጥበባቸውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤሚሊ ቀድሞ ይሥሉበት የነበረውን ነጠብጣብ ትተው ወደ ደፋር መስመር የተሻገሩ፣ በ1995 ስምንት ሜትር በሚረዝም ጥቁር ሸራ ላይ ያም የተባለውን ሥሩ የሚበላ ተክል ሥሮች በነጭ ያጠላለፉ ደፋር ሠዓሊ ናቸው። ነገር ግን የደፈሩት በገዛ ርስታቸው ውስጥ ነው። ስማቸው ካም እንኳ ከዚያው የያም ተክል የመጣ ነው። ምን እንደሣሉ ሲጠየቁም «ሁሉንም» ብለው፣ ያሙን፣ እንሽላሊቱን፣ ኢሙ የተባለውን ትልቅ ወፍ፣ የሣሩን ዘር ይዘረዝሩ ነበር።

ሥዕል የሚገዛ ሰው ምሥጢሩን ሁሉ ይንገሩኝ ማለት አለበት እያልሁ አይደለም፤ ከሥርዓቱ ለባዕድ የማይነገር ብዙ አለ፤ እዚያ ላይ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። የአገሩን ስም መዝለል ግን ጨዋነት አይባልም። «የምድር ፍጥረት» የተባለው የ1994 ሥዕላቸው በ2017 ከሁለት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋው ነበር። የካንቤራው ብሔራዊ ጋለሪ በ2023 የኤሚሊን ሥራዎች ሲያሳይ ከአገራቸው ሰዎች ጋር መክሮ ነው። ሌሎቹን ጋለሪዎችና ጨረታ ቤቶች ይህን እንዳያደርጉ የከለከላቸው የለም።