«እኛም አገር አለ»

አክራ በገባን በማግስቱ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ተጣበን ተቀምጠናል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሰርክ! ሰርክ! ሰርክ!» እያለ ይጮኻል፤ ሰርክል ወደሚባለው አደባባይ የሚሄዱትን መጥራቱ ነው። የጉዞ ጓደኛዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝና «ይህማ እኛም አገር አለ» አለኝ። ከማለዳ ጀምሮ አሥራ አንደኛው ነበር፤ ቆጥሬአለሁ።

ምሳ ላይ ኬንኬ ቀረበልን፤ ከተቦካ የበቆሎ ሊጥ ተሠርቶ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ ነው። ገና ሳይቀምሰው «የኮባ ዳቦ!» አለ። ሺቶ የሚሉት ጥቁር፣ የሚያቃጥል ማባያ ሲከተል ደግሞ «አዋዜ!» ሁሉም አገር ቤት ካለ ታዲያ ለአውሮፕላን ያን ሁሉ ገንዘብ ምን አስከፈለው? ይባስ ብሎ ሻንጣውን ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ሞልቶት፣ ከሚዛን ያለፈውን ወደ እኔ ሻንጣ አዛውሮታል። «ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እኔ ግን ከአገር ሳልወጣ፣ ገና ቦሌ ሳለሁ ነው የተጫንኩት። ጫኙም ባዕድ አይደለም።

በዕደ ጥበብ ገበያው ከበሮ ስከራከር ነጋዴዋ «የተወለድከው በየትኛው ቀን ነው?» አለችኝ። እዚያ ስም ከቀን ይወጣል፤ ዓርብ የተወለደ ወንድ ኮፊ፣ ቅዳሜ የተወለደ ክዋሜ ይባላል። እኔ የት አውቄ! እናቴ የምታውቀው «የሚካኤል ማግስት፣ ዶፍ እየጣለ» የሚለውን ብቻ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የሰፈረውን ቀን ደግሞ ተናግሬ ሳልጨርስ ማኅተም የመታብኝ ጸሐፊ ነው የወለደው። ያን ሰው ዛሬም ይቅር አላልኩትም። በየዓመቱ እንኳን ተወለድክ የምባለው በእሱ ችኮላ ነው! «ቅዳሜ» ብዬ ዋሸሁ። «ክዋሜ!» ብላ አቀፈችኝና ከበሮውን ሳንቲም ሳትቀንስ ሸጠችልኝ። ከኋላዬ ድምፅ መጣ፦ «እኛም አገር ሰንበቱ የሚባል አለ።»

የትልቁ ክዋሜ፣ የንክሩማህ መቃብር እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1957 የጋናን ነፃነት ባወጀበት በቀድሞው የፖሎ ሜዳ ላይ ነው። በ1966ቱ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ የተሰበረው ሐውልቱ ያለ ጭንቅላት ቆሟል፤ ጭንቅላቱ ከአጠገቡ ለብቻው ተቀምጧል። ጓደኛዬ እንኳ ዝም አለ። አስጎብኚው ከአዲስ አበባ መምጣታችንን ሲሰማ ፊቱ በራ፦ «የእሱ ሐውልት እናንተም አገር አለ አይደል?»

አለ! እንዴት አይኖርም! በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሥራች ጉባኤ በቤታቸው ያስተናገዱት ጃንሆይ እያሉ፣ በ2012 የኅብረቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ደጃፉ ላይ የቆመው ንክሩማህ ብቻ ነበር። ጃንሆይ እስከ 2019 ወረፋ ጠበቁ። በራሳቸው ከተማ! ደግሞስ የባንዲራችሁ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ከማን የተወሰደ ነው? ይህን ሁሉ ለአስጎብኚው ዘረገፍኩለት። ሰውዬው ሐውልቱን አላቆመ፣ ባንዲራውን አልሰፋ፤ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል።

ጓደኛዬ እጅጌዬን ሳብ አደረገኝ። «ተው እንጂ፣ አገሩን ያሳየን!»

ማታ ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ድርቆሹን አውጥቶ በሺቶ ፈተፈተው። ሺቶ ደረቅ ዓሣ ስላለበት ከአዋዜ ጋር አይገናኝም ብዬ ልከራከረው ነበር፤ ነገር ግን አፌ ሞልቶ ነበር።