መሀል ከተማ ድረስ መጥቶ የሀይዌይ በርገር?

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በርሚንግሃም አላባማ መሀል ከተማ ድረስ መጥተህ፣ ለፓርኪንግ ከፍለህ፣ የትም ሀይዌይ ዳር የምታገኘውን በርገር ልትበላ ትሰለፋለህ። ወገን፣ ምን ነካን?

መሀል ከተማው እየታደሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ሬይልሮድ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ተከፈተ፣ በ2013 የቤዝቦል ስታዲየሙ ተከተለ፣ በ1988 የተዘጋው የፒዚትዝ መደብር ሕንፃም በ2017 የምግብ አዳራሽ ሆነ። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ከተማው ጭር ባለበት ዘመን እዚህ አካባቢ ሆት ዶግ ሲሸጡ፣ ምሳ ሲያወጡ የኖሩት እነማን ሆኑና ነው? የግሪክ ስደተኞችና ልጆቻቸው፣ የጥቁር ቤተሰቦች ትንንሽ ምግብ ቤቶች። አሁን ሰፈሩ ሲያምር ኪራይ ይወደድባቸዋል፣ የሕንፃ ባለቤቱም ባንኩም ደግሞ መቶ ቅርንጫፍ ያለውን ተከራይ ነው የሚያምኑት። የደከመው ሌላ፣ የሚበላው ሌላ!

በዚያ ላይ ምግቡ። እነዚያ ቤቶች አንድ ሥጋ ከሦስት አትክልት ጋር ይሰጡሃል፤ ቆዳው የሚንኮሻኮሽ ዶሮ፣ እንደኛው የበሰለ ጎመን፣ ባሚያ፣ ትኩስ የበቆሎ ዳቦ። "ጨምሪልኝ" ብትላት ሴትዮዋ ትጨምርልሃለች። ባለፈው ጓደኞቼ ጎትተው የወሰዱኝ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ቤት ግን በስክሪን ራሴ አዘዝኩ፣ ትሪውን ራሴ ተሸከምኩ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ 20 ፐርሰንት ቲፕ ጠየቀኝ። ለማን? ለራሴ ነው? ድንቹ ደግሞ ቀዝቅዟል።